ሪሲቨር መልስ የሚልከው በየት በኩል ነው? የዲጂታል ቴሌቪዥን የሁለትዮሽ ግንኙነት አሠራር

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኙ የመኖሪያ ሕንጻዎች ላይ የሳተላይት ዲሾች በተለያየ አቅጣጫ ተተክለው ይታያሉ። ናይልሳትን የሚቀበለው ወደ ምዕራብ፣ ኢትዮሳትን የሚቀበለው ወደ ምሥራቅ ያቀናል። አቅጣጫቸው ቢለያይም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም ይቀበላሉ እንጂ አይልኩም። ስለዚህ ተመልካች በቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰጣል፣ ይጠይቃል ወይም ያዝዛል ሲባል መልእክቱ የሚመለስበት ሌላ መንገድ መኖር አለበት።

ዲሽ ለምን አይልክም?

ሳተላይቶቹ የሚገኙት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ከዚያ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ አጎልብቶ በገመድ ወደ ሪሲቨሩ ያወርዳል፤ ማሰራጫ ግን የለውም። የሪሞት ትእዛዝም ከሪሲቨሩ አያልፍም።

ወደ ሳተላይት መልሶ ለመላክ የራሱ ማሰራጫ ያለው ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። የወረዳ አስተዳደሮችን በቪዲዮ ለማነጋገር የተዘረጋው ወረዳኔት የተጠቀመባቸው የቪሳት ጣቢያዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በአንጻሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ የተሰራጨው ትምህርት የአንድ አቅጣጫ ነበር፤ ተማሪው በስክሪኑ የሚታየውን መምህር መጠየቅ አይችልም ነበር።

መልሱ የሚሄድባቸው መንገዶች

የፕሮግራም ዝርዝር የሁለትዮሽ ግንኙነት ቢመስልም አይደለም። ጣቢያው መረጃውን ደጋግሞ ያሰራጫል፤ ሪሲቨሩ ከደረሰው ውስጥ የተፈለገውን መርጦ ያሳያል።

በስልክ በኩል የሚደረገው ግንኙነት በክፍያ ቴሌቪዥን የተለመደ ነው። የዲኤስቲቪ ደንበኛ በሞባይሉ ሲከፍል መረጃው በስልክ መስመር ለድርጅቱ ይደርሳል። ድርጅቱም የደንበኛውን የስማርት ካርድ ቁጥር የያዘ ትእዛዝ በሳተላይት ይለቃል። ትእዛዙ ለሁሉም ዲኮደሮች ቢደርስም የሚፈጽመው ቁጥሩ የሚመለከተው ብቻ ነው። ከክፍያ በኋላ ዲኮደሩን ሳያጠፉ መጠበቅ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጠፋ ዲኮደር የሚለቀቀውን ትእዛዝ አይሰማም።

ሦስተኛው መንገድ ኢንተርኔት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 መስፈርቱ የወጣው ኤችቢቢቲቪ ስርጭትንና ኢንተርኔትን ያጣምራል። ጣቢያው ከምስሉ ጋር የአንድ ገጽ አድራሻ ይልካል፤ ተመልካቹ በሪሞቱ ላይ ቀዩን ቁልፍ ሲጫን ገጹ ይከፈታል፣ ምርጫውም በኢንተርኔት ለጣቢያው ይደርሳል።

ገዢ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሪሲቨሩ የዋይፋይ ወይም የኢንተርኔት ገመድ ማስገቢያ ከሌለው፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ በራሱ መልስ መላክ አይችልም። ማስገቢያው ኖሮት ቤቱ ኢንተርኔት ከሌለውም ተጨማሪው ወጪ ለጊዜው ጥቅም አይሰጥም፤ መደበኛ ጣቢያዎች ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ዳታ ጥቂት ሲሆን በኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ግን ብዙ ይፈጃል።

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ሪሲቨር ተመልካቹ ምን እንደተመለከተም ሊያሳውቅ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያሉ መረጃዎች አያያዝ ሥርዓት እንዲኖረው ነው። ስለሆነም መሣሪያው ሲተከል የሚጠየቀውን ፈቃድ ሳያነቡ መቀበል አይገባም።

ኢንተርኔት ለሌለው አርሶ አደር ቀላሉ የመልስ መንገድ ዛሬም ስልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር በተራ ሞባይል ቁጥር በመጫን ብቻ የሚፈለገውን ምክር ያሰማል። ቴሌቪዥን ጥያቄውን ሲያነሳ ስልክ መልሱን ካደረሰ፣ ያለ አዲስ ሪሲቨርም የሁለትዮሽ ግንኙነት ይሟላል።