እንግዳው አሠልጣኝና የላስታው ንጉሥ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አንድ ወዳጄ በባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘትን እያስተማሩ በሰው አገር ደመወዝ የሚያገኙ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቶ፣ «እንዲህ ያለ እንጀራ ደግሞ ከየት መጣ?» ሲል በመገረም ጠየቀኝ። ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ባለሙያ ሰው ዕውቀቱ በአገሩ ሲረክስበት ወደሚወደድበት አገር መሰደዱ ከጥንት የነበረ ነው። እኔም ዛሬ የማወሳላችሁ፣ ባሕር በሌለበት በላስታ ደጋ ዕጣ ላይ እጁን ስላስገባ አንድ እንግዳ አሠልጣኝ ነው።

ላስታ ቋጥኝ ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ያነጸ አገር ነው። ላሊበላን የሠራ ሕዝብ ከባዕድ የምማረው የለኝም ብሎ ቢኮራ ማን ይፈርድበታል? በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ የዋግና የላስታ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ ትውልዳቸውም ከዛጔ ነገሥታት የሚቈጠር ነው። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ገደሉባቸው በመካከላቸው ደም ነበረ። ስለዚህ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ፣ በአሸንጌ አልፎ፣ የላስታን ተራሮች እያቋረጠ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ መንገድ አልከለከሉትም። የትግራዩ ገዥ ካሣ ምርጫ ግን መንገድ ከመልቀቅ አልፈው ስንቅና የጭነት ከብት እንዲቀርብለት አደረጉ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ካጠፉ በኋላ ናፒየር ወደ ባሕር ሲመለስ፣ ለካሣ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ከነጥይቱና ከነባሩዱ ትቶላቸው ሄደ። ጎበዜም በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

ጆን ቻርልስ ኪርካም የሚባለው እንግሊዛዊ ወደ ታሪካችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ቀደም ብሎ በቻይና አገር በጎርደን ጦር ውስጥ ያገለገለ ሲሆን፣ ወደ አገራችን የመጣው ከናፒየር ዘመቻ ጋር ነው። ጓደኞቹ ወደ መርከባቸው ሲወርዱ እርሱ ከካሣ ዘንድ ሥራ ያዘ። ሥራውም ወታደሩን በአውሮፓ ሥርዓት ማሠልጠን ነበረ።

ሥርዓት ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጠመንጃ በአፈ ሙዙ የሚጐርስ ነበረ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተኰሰ፣ ባሩዱን አፍስሶ፣ ጥይቱን ሰድዶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ እስኪያነሣ ድረስ ባዶ እጁን ከቆመ ሰው አይሻልም፤ ፈረሰኛውም የሚደርስበት በዚህች መካከል ነው። ፊተኛው ረድፍ ሲተኰስ ኋለኛው ጐርሶ የሚጠብቅ፣ ያለ ትእዛዝ የማይተኵስ ጦር ግን ይህ ክፍተት የለበትም። ጠመንጃ ለአገራችን ሰው እንግዳ አልነበረም፤ ጀግንነትም አልጐደለም። ብርቅ የነበረው፣ ኪርካምም የሸጠው፣ ይህ ተራ መጠበቅ ነው።

ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የካሣን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን ያገቡ ነበሩ፤ ዝምድናው ግን ጦርነቱን አላስቀረውም። በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ቦታ ሁለቱ አማቾች ተጋጠሙ። የታሪክ ጸሐፊዎች የተክለ ጊዮርጊስን ጦር 60,000፣ የካሣን 12,000 ያህል አድርገው ይገምታሉ። ብዙው ተሸነፈ። ንጉሡ ተማረኩ፤ ዓይናቸውም ጠፍቶ በግዞት ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ድሉን ሁሉ ለኪርካም ሊሰጡ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰልፉን ያስተማረ እርሱ ቢሆንም፣ አስተማሪውን መርጠው የቀጠሩትና ጦሩን የመሩት ካሣ ናቸው፤ የሞተውም የአገሩ ልጅ ነው።

ኪርካም ግን ዋጋውን አላጣም። ጄኔራል ተባለ፤ በጊንዳ መሬት ተሰጠው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤ ይዞ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ተላከ። የለንደን መንግሥት ግን በግብፅ ላይ ይሰጣል ተብሎ ተስፋ የተደረገበትን ድጋፍ አልሰጠም።

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ የሥራ ውል የምትጽፉ ሁሉ፣ ውል ሲፈርስ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ አስቀድማችሁ እንደምትመለከቱ አውቃለሁ። የኪርካም ዋስትና ከንጉሡ ቸርነት የሚያልፍ አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. ግብፅ ስትወረን ደግሞ፣ የሚገርመው፣ በወራሪው ጦር ውስጥም እንደ እርሱ ያሉ ቅጥረኞች ሞልተው ነበር። ጉንደት ላይ የግብፅን ጦር መርቶ የሞተው አሬንድሩፕ የዴንማርክ ሰው ነው። ጉራ ላይ የጦሩ ሹም ረዳት የነበረው ሎሪንግ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በአገሩ የርስ በርስ ጦርነት ከተሸናፊው ወገን ተሰልፎ፣ ኋላ በካይሮ ደመወዝ ያገኘ ነው።

በሁለቱም ጦርነት ድሉ የዐፄ ዮሐንስ ሆነ። ኪርካም ግን በግብፆች እጅ ወድቆ፣ በዚያው በ1868 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ እንደ ታሰረ ሞተ።