ጭብጨባ መልስ ነውን?

ባለፈው ሰሞን አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ራሱ የሠራውን ሙዚቃ አሰማን። ክራር አለበት። ከክራሩ ሥር ደግሞ ከወፍጮ ቤት በስልኩ የቀዳው የሞተር ድምፅ አለ፤ ወፍጮው ይጮኻል፣ ክራሩ ይከተለዋል፣ መሐል ላይ ወፍጮው ቀጥ ይላል፣ ክራሩ ብቻውን ይቀራል። ሰባት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ሲያልቅ «እንዴት ነው?» አለን። አንዱ «አሪፍ ነው» አለ። ሌላው «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ ከሁለቱም ላለመሆን «ጥሩ ነው፣ በርታ» አልኩት። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ። ሦስታችንም አስተያየት የሰጠን መስሎናል። ግን ምን ይዞ ሄደ? ምንም!

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። የተለመደ ዘፈን የሚሠራ ሰው መለኪያ አለው። ትዝታው ትዝታ፣ አምባሰሉ አምባሰል መሆኑን ከኛ በፊት ራሱ ያውቀዋል። ያልተለመደ ነገር የሚሞክር ሰው ግን ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም አብሮ እየሠራ ነው። የሌላ ሰው ጆሮ ካላገኘ ያሰበውና የተሰማው አንድ ይሁን ሁለት በምን ያውቃል? ታዲያ ከኛ በፊት አዲስ ድምፅ ይዘው የተነሡ ሰዎች ይህንን ጆሮ ከየት አገኙት? ታሪኩን ብናገላብጥ የምናገኘው መልስ ትንሽ ያስገርማል፤ አብዛኞቹ ጆሮውን አላገኙትም፤ ያገኙትም ራሳቸው ቤት ሠርተውለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከጩኸቱ እንጀምር። መጋቢት 31 ቀን 1913 በቪየና ከተማ፣ ሙዚክፌራይን በተባለው ታላቅ አዳራሽ፣ አርኖልድ ሾንበርግ አንድ ኮንሰርት መራ። ከቀረቡት ሥራዎች መካከል የተማሪዎቹ የአንቶን ቬበርንና የአልባን በርግ ሥራዎች ነበሩበት፤ የራሱም ለ15 መሣሪያዎች የደረሰው የቻምበር ሲምፎኒ ነበረበት። አድማጩ ሳቀ፣ አፏጨ፣ ተሰዳደበ። የበርግ ዘፈኖች ላይ ሲደረስ አዳራሹ ተደበላለቀ፤ ጥፊ ተሰነዘረ፤ ፖሊስ ገባ። በመጨረሻ ይቀርባል የተባለው የማህለር ሥራ ሳይቀርብ ኮንሰርቱ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያች ምሽት «የጥፊ ኮንሰርት» ተብላ ቀረች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በርግ ያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት ነው። በዚያች ምሽት የተሰሙት ከአምስቱ ዘፈኖቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አምስቱም ባንድነት የተሰሙት ወደ 40 ዓመት ግድም ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በርግ ደግሞ የሞተው በ1935 ነው። በሌላ አነጋገር ሰውየው የገዛ ሥራውን ሙሉ ሆኖ ሳይሰማው ሞተ። ያንን ሁሉ ጩኸት «የአድማጭ አስተያየት» እንበለው? አድማጩ እኮ ሥራውን ሰምቶ አልፈረደም፤ ሊሰማው እንኳ አልቻለም።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ግንቦት 29 ቀን 1913፣ ተመሳሳይ ነገር በፓሪስ ደረሰ። የኢጎር ስትራቪንስኪ «የጸደይ ሥርዓት» በባሌ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ተመልካቹ እየሳቀና እየጮኸ አዳራሹን አናወጠው። ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1914፣ ያው ሙዚቃ በዚያው ከተማ ያለ ጭፈራ በኮንሰርት ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ አድናቂዎቹ ስትራቪንስኪን በትከሻቸው ተሸክመው አወጡት። እንግዲህ የሙዚቃው ኖታ ያው ነው። የመጀመሪያው ጩኸት በጭፈራው ላይ ይሁን በሙዚቃው ላይ የለየለት የለም። የሁለተኛው ሆሆታም ቢሆን ደራሲውን «የትኛው ቦታህ ያዘን፣ የትኛው ቦታህ ለቀቀን» አላለውም። ስድብም ሆነ ሽክም ስለ ሕዝቡ ስሜት ይናገራል እንጂ ስለ ሥራው የሚለው ነገር ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቪየና እንመለስ፤ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። በሰኔ 1918 የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ሾንበርግ አንድ እንግዳ ነገር አደረገ። ያንኑ በ1913 የተጮኸበትን የቻምበር ሲምፎኒ ይዞ አሥር ልምምዶችን ለአድማጭ ክፍት አደረገ። ልብ በሉ፣ ኮንሰርት አይደለም፤ ልምምድ ነው! ተጫዋቾቹ ይሳሳታሉ፣ ይቆማሉ፣ ይደግማሉ፤ አድማጩም ቁጭ ብሎ አንዱን ሥራ ብልት ብልቱን እየተፈታ ይሰማል። በፍጻሜው የተዘጋጀ ትልቅ ኮንሰርት አልነበረም። ልምምዱ ራሱ ግቡ ነበረ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር «የግል ሙዚቃ ማቅረቢያ ማኅበር» ተመሠረተ። በ1919 የማኅበሩን ዓላማ የሚገልጸውን ጽሑፍ ማን ጻፈው ብትሉ፣ ያ የተጮኸበት አልባን በርግ ነው። የማኅበሩ ደንብ ዛሬም ሲነበብ ይገርማል። ማጨብጨብ ክልክል። ማፏጨት ክልክል። ለጋዜጣ የሚጽፉ ሐያስያን እንዲገቡ አይፈቀድም። የሚቀርበው ሥራ ምን እንደሆነ አስቀድሞ አይነገርም፤ ይህም ሰው ስም እየመረጠ እንዳይመጣና እንዳይቀር ነው። ሥራ የሚቀርበው በደንብ ከተለማመዱት በኋላ ነው፤ ከቀረበም በኋላ ይደገማል፣ እንደገና ይደገማል። በሦስት ዓመት ውስጥ በ117 ኮንሰርቶች 154 ሥራዎች 353 ጊዜ ቀረቡ፤ በአማካይ አንዱ ሥራ ከሁለት ጊዜ በላይ ተሰማ ማለት ነው። ደግሞም ሾንበርግ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያህል የራሱን ሥራ አላስቀረበም፤ የደቡሲን፣ የማህለርን፣ የሬገርን፣ የስክሪያቢንን፣ የባርቶክን ነበር የሚያሰማው። ጆሮ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ለሌላው ጆሮ ሰጠ።

መቼም ይህን ሳነብ «ጭብጨባ ከልክሎ እንዴት አስተያየት ይገኛል?» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ። ጭብጨባ አንድን ነገር ይዘጋል። ካጨበጨብክ በኋላ ጉዳዩ አለቀ፤ ኮትህን አንሥተህ ትወጣለህ። ማጨብጨብ ከተከለከልክ ግን የሰማኸው ነገር ካንተው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። በሳምንቱ ሥራው ሲደገም መጀመሪያ ያመለጠህ ነገር ይገለጥልሃል። እውነተኛ ቃል የሚወለደው እዚያ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ማኅበሩን ያለ ልክ ላወድሰው አልፈልግም። የአባልነት ካርድ የሌለው አይገባም ነበር። ከበሩ ውጭ የቀረው ሰፊው የቪየና ሕዝብ ጦርነቱ ያደቀቀው፣ ዳቦ የቸገረው ሕዝብ ነው። ማኅበሩም ቢሆን ከዚያ ሕዝብ ዕጣ አላመለጠም፤ የገንዘቡ ዋጋ እያሽቆለቆለ ሲሄድ በ1921 መገባደጃ ላይ ሥራው ቆመ። ጆሮን ከገበያ ለማዳን የተሠራ ቤት በገበያው ፈረሰ። ደግሞ ዝምታ ብቻውን ቃል አይሆንም፤ የውሸቱን ቃል ያስቀራል እንጂ የእውነቱን አይሰጥም። የእውነቱን ማን ይስጥ?

ከቪየና አገራችን ዘልዬ ብገባ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ የመለሰ ቤት እኛ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ የቅኔ ቤት። ቅኔ በባሕርዩ ሙከራ ነው፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው፣ በየቀኑ አዲስ ይጠየቃል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ዳር ይቆጥራል፤ መጀመሪያ በሁለት ስንኝ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለአስተማሪው ይናገራል። የኔታ «አሪፍ ነው» አይሉትም! ቤት የሰበረበትን፣ ምሥጢሩ ያልሞላበትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተጋጠመበትን ለይተው ያርሙታል። ጓደኞቹም ቁጭ ብለው የሱን እርማት ይሰማሉ፤ ነገ ተራው የነሱ ነው። «ይበል!» የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ነው። እንግዲህ «ይበል» ዋጋ ያገኘው እርማት ስለቀደመው ነው። እርማት ያልቀደመው «ይበል» ምን ይረባል? ባዶ ጭብጨባ ነው።

ግን የኔታ የሚያርሙበት መለኪያ አላቸው፤ የቅኔው ዓይነት፣ ልኩና ቤቱ የታወቀ ነው። መለኪያው ገና ያልተወለደለት ድምፅ ሲመጣስ? ለዚህ ደግሞ የግብፃዊውን የሐሊም ኤል-ዳብን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በ1944 በካይሮ፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተዋሰና የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያም የቀዳውን ድምፅ እያስተጋባ፣ ከፊሉን እያስወገደ ሌላ ነገር አደረገው፤ በካይሮም በአንድ የሥዕል ማሳያ ለሕዝብ አሰማው። በፓሪስ ፒየር ሼፈር የባቡርና የሌሎችንም ነገሮች ድምፅ ቀምሞ በሬዲዮ ያሰማው በ1948 ነውና፣ ኤል-ዳብ በአራት ዓመት ቀድሞታል።

ዛርን መምረጡ እኔን ያሳስበኛል። ዛር ቤት ውስጥ ከበሮ መቺው መልስ ሳያገኝ አይቀጥልም። ለየዛሩ የየራሱ ዜማና ምት አለው፤ ሕመምተኛዋ ካልተንቀሳቀሰች ምቱ አላገኛትም ማለት ነው፣ ይለወጣል። ከዚህ የበለጠ አድማጭና ተጫዋች የሚነጋገሩበት ቦታ የት አለ? ያው ድምፅ በሽቦ ተቀድቶ በማሳያ ክፍል ሲሰማ ግን ያ ንግግር ተቋረጠ፤ ሽቦው የሚሰማው ሰው ቢያለቅስም ቢያዛጋም ምቱን አይለውጥም። በስልክና በድምፅ ማጉያ የምንሠራ ሁሉ የወረስነው ይህንን ዕዳ ነው።

ኤል-ዳብ ከ1962 ጀምሮ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቦታና ጊዜ የነበረው መሣሪያ፣ አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ይህም ሙከራ ነበር፤ ግን በሽቦ ሳይሆን በሰው። በገና ደርዳሪው ከማሲንቆ መቺው ጎን ሲቀመጥ እያንዳንዱ ተጫዋች የሌላው አድማጭ ይሆናል። ሥራው ከኤል-ዳብ በኋላም በሌሎች እጅ፣ በተለይም በተስፋዬ ለማ መሪነት ዓመታት ቀጠለ።

ጆሮው ዘግይቶ የመጣለትም አለ። ሙላቱ አስታጥቄ የኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደበትን ሥራ በ1966 በኒው ዮርክ በሸክላ አስቀረጸ፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው በ1972 ወጣ። አገር ቤት መጀመሪያ ላይ ሁሉም እጁን ዘርግቶ እንዳልተቀበለው ራሱ ተናግሯል። የውጭው ዓለም በሰፊው የሰማው በ1998 የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛው ሲዲ ሲወጣ፣ ይልቁንም በ2005 ሙዚቃው በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲገባ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ቆይቶ የመጣ ጭብጨባ ያስደስታል፤ ማን ይጠላዋል? ግን በ1972 ለሚሠራ ሰው በ1972 የሚደርስ ቃል ያስፈልገው ነበር።

እንግዲህ ነገሬን ላሳጥር። ይህ ሁሉ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ቢኖር፣ ለአዲስ ሥራ የሚገባው ቃል በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ ቦታና ደንብ ይፈልጋል። ቦታው ትልቅ አዳራሽ መሆን የለበትም። ደንቡም ከባድ አይደለም፤ ደግሞ መስማት፣ «ወደድኩ፣ ጠላሁ» ከማለት በፊት «ይህንን ሰማሁ» ማለት፣ ተራ ሲደርስም የራስን ሥራ ለእርማት ማቅረብ ነው። ሠሪውም ድርሻ አለው፤ «እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ጥሩ ነው» ቢባል አይፍረድ፤ ጥያቄው ራሱ ያንን ይጋብዛል።

በሳምንቱ ጓደኛችንን «እስቲ ድገመው» አልነው። ትንሽ አኮረፈ፤ ግን ደገመው። ሁለት ጊዜ ሰማነው፤ ማንም ማንንም እንዳያመሰግን ተስማምተን። እኔ ወፍጮው ክራሩን ገና ሳይጀምር እንደሚውጠው ነገርኩት። እሱም «እሱን አውቄዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ። ከዚያ ያ መጀመሪያ የሳቀው ልጅ፣ ሙዚቃ የሚባል ነገር ተምሮ የማያውቀው፣ እንዲህ አለ፦ «ወፍጮው ቀጥ ሲል መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። ከዚያ ክራሩ ሲቀጥል ደነገጥኩ።»

ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ይህችን ጻፋት።