ብረት የቀጠቀጠ ክንድ፣ ብረት የሚያነሣ ክንድ



በአሚሻቭ ሰፈራችን ከምንጎበኛቸው ቤተሰቦች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ልጃችን ብረት ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ቀኝ ክንዱ ከግራው ወፍሮ ታየን፤ በሽታ ይሆን?» ይሉናል። ልጁም በበኩሉ አፍሮ በበጋ እጅጌው ረጅም ልብስ ይለብሳል። መልሱ ከሐኪም ዘንድ ብቻ ሳይሆን በራሳችን ታሪክም ውስጥ ስላለ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ሃይማኖታችንን አንለቅም ያሉት የቤተ እስራኤል አባቶቻችን ርስታቸውን እንደ ተነጠቁ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሌላውን መሬት ያርሳል፣ ወይ በእጁ ጥበብ ይኖራል። በመሆኑም ብዙዎቹ ወንዶች ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ጎንደር በ1636 ከተቆረቆረች በኋላም ግንበኞቻችንና አናጢዎቻችን በነገሥታቱ ሕንፃዎች ላይ ሠርተዋል።

ቀጥቃጭ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። ረዳቱ ወናፉን ሲነፋ እርሱ የጋለውን ብረት በግራ እጁ በጉጠት ይይዛል፤ በቀኙ መዶሻውን ያነሣል፣ ይጥላል። ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ መጥረቢያውም የሚወጣው እንዲህ ነው። አንዱ ክንድ ይመታል፣ ሌላው አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱም ይደክማሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ስላልሆነ መልካቸውም አንድ አይሆንም። ጎረቤት ደግሞ በማረሻው እያረሰ፣ ማረሻውን የሠራለትን ሰው «ባለ እጅ» እያለ ይንቀው፣ «ቡዳ» እያለ ይፈራው ነበር። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሽማግሌዎች ወደ እስራኤል ከመጡም በኋላ ያንን ሥራቸውን ለልጅ ልጆቻቸው ሳይናገሩ ይኖራሉ።

ክንድ በሥራው መጠን እንደሚለወጥ ሳይንስም አረጋግጧል። በ1977 የታተመ አንድ ጥናት 84 የቴኒስ ተጫዋቾችን መርምሮ፣ ራኬት በሚይዙበት በኩል ያለው የላይኛው ክንድ አጥንት ግድግዳ ከሌላው ይልቅ በወንዶች 35 ከመቶ፣ በሴቶች 28 ከመቶ ገደማ ወፍሮ አግኝቶታል። ጡንቻ ብቻ ሳይሆን አጥንት እንኳ ሥራውን ይመዘግባል ማለት ነው።

የብረት ማንሣት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1896 በአቴንስ በተደረገው የመጀመሪያው ኦሊምፒክ በሁለት እጅ እና በአንድ እጅ የሚነሣ ሁለት ውድድር ነበር። የዴንማርኩ ቪጎ የንሰን እና የብሪታንያው ላውንስተን ኤሊዮት በሁለት እጅ እኩል 111.5 ኪሎ አነሡ፤ ድሉም በአነሣሥ ውበት ለየንሰን ተሰጠ። በአንድ እጅ ሲሆን ግን ኤሊዮት 71 ኪሎ ሲያነሣ፣ ቀደም ሲል ትከሻውን የተጎዳው የንሰን 57 ላይ ቆመ። ሁለት እጅ የሸፈነውን አንድ እጅ ገለጠው። በአንድ እጅ ማንሣት እስከ 1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ቆይቶ፣ ከ1928 ጀምሮ በኦሊምፒክ የቀረው የሁለት እጅ ብቻ ሆነ።

ልጆቻችን በሀዳር ኮሸር የሚገጥማቸውም ይኸው ነው። ረጅሙን ብረት በሁለት እጅ ሲያነሡ ብርቱው ክንድ ሳይታወቅ የደካማውን ድርሻ ይወስዳል፤ ልዩነቱም ይሰፋል። ስለዚህ ለየእጁ የተለየ ክብደት መያዝ፣ በደካማው መጀመር፣ ብርቱውንም ደካማው በቻለው ቁጥር ላይ ማቆም ይበጃል። ለብርቱው ሰነፍ ሆነ ብሎ ማዘን አያስፈልግም፤ በ1894 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ አንዱን እጅ ማሠልጠን ያልሠለጠነውንም በመጠኑ እንደሚያበረታ አሳይቷል። ፍጹም እኩል ክንድ ያለው ሰው እምብዛም ስለሌለ፣ ጥቂት ልዩነት ሊያሳስብ አይገባም። ነገር ግን አንዱ ክንድ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ከደነዘዘ፣ ድንገት ከደከመ ወይም የማይለቅ ሕመም ካለው፣ ሳትዘገዩ ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ውሰዱት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ስለ ክንዱ ከመውቀሳችሁ በፊት ከአያቱ ጋር አስቀምጡት። «አባባ፣ መዶሻውን የሚይዙት በየትኛው እጅዎ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። አያቱ ቀጥቃጭ ባይሆኑ እንኳ እርፍ የጨበጡበትን እጅ ያሳዩታል። ያፈረበት ልዩነት እርሳቸውም ክንድ ላይ እንዳለ ሲያይ ረጅሙን እጅጌ ይሰበስባል፤ እርሳቸውም ለብዙ ዓመት የደበቁትን ሥራ ለመናገር አፋቸውን ይከፍቱ ይሆናል።