ጥበብና ባለአደራው ሕዝብ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ በማርያም ገዳሟና በሊቃውንቷ ስሟ የታወቀ ጥንታዊት ከተማ ናት። በዚያ አገር የቅኔ ጉባኤ የዋለ ተማሪ አስቀድሞ ከሚረዳቸው ነገሮች አንዱ፣ ቅኔ የአንድ ቀን ጥበብ መሆኑ ነው። ሊቁ ለዕለቱ በዓል የሚስማማውን ቅኔ አስቦ ይዘርፋል፤ የተባለው ቅኔ በሌላ ቀን እንደ አዲስ ቢደገም ነውር ነው። እንግዲህ አንድ ቅኔ ከሊቁ አፍ ወጥቶ ካበቃ በኋላ በሕይወት የሚኖረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሰሚዎቹ መካከል አንዱ ወድዶት በቃሉ ሲይዘውና ለሌላው ሲነግረው ነው። ዛሬ ከነባለቤታቸው ስም የሚጠቀሱት የጥንት ቅኔዎች ሁሉ እስከዚህ ዘመን የደረሱት በሰሚዎቻቸው ፍቅር ነው።

የመጽሐፍም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጸሐፊው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያደርገዋል፤ ብርዑን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ ለወራት ይጽፋል። ሥራው ሲፈጸም ከመጽሐፉ ዳር የሰረቀውን ወይም የፋቀውን የሚያወግዝ የግዝት ቃል ያኖራል። ሆኖም መጽሐፉን ከእሳት፣ ከምስጥና ከጦርነት የጠበቀው ግዝቱ ብቻ አልነበረም። በክፉ ቀን ተሸክሞ ወደ ዋሻና ወደ ደሴት ያሸሸው፣ በደኅና ቀን ደግሞ ሌላ ቅጅ ያስጻፈው ሰው ነበር። ስለዚህም የአንድ ድርሰት ዕድሜ የሚለካው በደራሲው ችሎታ ብቻ ሳይሆን፣ ከደራሲው በኋላ አደራውን የሚረከበው ሕዝብ በሚያደርገው ጥበቃም ጭምር ነው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከመጡ ወዲህ ይህ የአደራ ነገር በአዲስ መልክ ተነሥቷል። በማዕበለ አየር የሚተላለፍ ድርሰት እንደ ቅኔው በሰዓቱ ተነግሮ የሚያልፍ ነው። ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን የሚወስኑት ግን አድማጮቹ ወይም ተመልካቾቹ አይደሉም፤ ውሳኔው በአንድ ቢሮ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ይሰጣል። የዚህ ዓይነቱን ውሳኔ ተመልካቾች ተሰባስበው ለማስለወጥ ከሞከሩባቸው ታሪኮች ሁሉ በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካ የተፈጸመው ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት «ስታር ትሬክ» የሚባል ተከታታይ ፊልም ማሳየት ጀመረ። የፊልሙ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ይባላል። ታሪኩ የወደፊቱን ዘመን በምናብ የሚያሳይ ሲሆን፣ በአንዲት የጠፈር መርከብ ውስጥ ከልዩ ልዩ ዘርና አገር የተውጣጡ ሰዎች በከዋክብት መካከል ሲጓዙ የሚገጥማቸውን ይተርካል። የተመልካቹ ቁጥር ድርጅቱ የሚፈልገውን ያህል ስላልነበረ በሁለተኛው ዓመት ፊልሙ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በዚህ ጊዜ በካሊፎርኒያ ይኖሩ የነበሩት ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን ትሪምብል የደብዳቤ ዘመቻ አደራጁ። ዘዴው ቀላል ነበር። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሁሉ ለድርጅቱ በራሱ ቃል እንዲጽፍና ለሌሎች ዐሥር ሰዎች እንዲያስታውቅ፣ እነዚያም ዐሥሩ ለሌላ ዐሥር እንዲነግሩ ተጠየቀ። ሮደንቤሪም ከጀርባ ሆኖ ያበረታታቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1967 እስከ መጋቢት 1968 ባሉት ወራት ለድርጅቱ 116,000 ያህል ደብዳቤዎች ደረሱት። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችም በጥር ወር 1968 ወደ ድርጅቱ ስቱዲዮ በሰልፍ ሄደው ድምፃቸውን አሰሙ። በመጨረሻም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1968 የዕለቱ ክፍል እንዳበቃ ፊልሙ የሚቀጥል መሆኑን በአየር ላይ አስታወቀ፤ ከእንግዲህም ደብዳቤ እንዳይጻፍለት ተመልካቾቹን ለመነ።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ፊልሙ ወጣቶች ከቤት በሚወጡበት በዓርብ ምሽት በአራት ሰዓት እንዲታይ ተደረገ፤ በጀቱም ተቀነሰ። በ1969 ደግሞ ፈጽሞ ተቋረጠ። ሆኖም በተጨመረው ዓመት የክፍሎቹ ቁጥር 79 ስለደረሰ በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች ተሸጦ በየዕለቱ እየተደገመ ለመታየት በቃ። በመጀመሪያው ጊዜ ያላየው ትውልድ በድጋሚው ወደደው። እ.ኤ.አ. በ1972 ወዳጆቹ በኒው ዮርክ ትልቅ ጉባኤ አደረጉ፤ በ1976 የአሜሪካ የመጀመሪያዋ የሙከራ የጠፈር መንኮራኩር በተመልካቾች የደብዳቤ ጥያቄ በፊልሙ መርከብ ስም «ኢንተርፕራይዝ» ተባለች፤ በ1979 ደግሞ ታሪኩ ለሲኒማ በቃ። ደብዳቤዎቹ ያስገኙት አንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ያ አንድ ዓመት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ዕድሜ መሠረት ሆነ።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ምሳሌው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሁኔታውን ልዩነት ማስተዋል ይገባዋል። የአሜሪካው ድርጅት የሚተዳደረው በማስታወቂያ ገቢ በመሆኑ የተመልካች ቁጥር ገንዘብ ነው፤ ደብዳቤ ጸሐፊውም እንደ ደንበኛ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ግን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ፣ ባለቤቱም መንግሥት ነበር። አንድ ሥራ ሲከለከል አቤቱታው የሚቀርበው ለዚያው ለከለከለው ክፍል ነው። ስምና አድራሻን ጽፎ አቤቱታ መላክም በአንዳንድ ዘመን ራስን አሳልፎ ከመስጠት አይለይም ነበር። በመሆኑም የኢትዮጵያ አንባቢና አድማጭ የሚወድደውን ሥራ ያዳነው በአደባባይ ዘመቻ ሳይሆን፣ አባቶቹ በለመዱት በቅጅና በቃል ነው።

ሥራው ሳይከለከል በሕዝብ ፍቅር ዕድሜው ለረዘመለት ድርሰት ምሳሌ የሚሆነው የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ አለማየሁ የጎጃም ተወላጅ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድም ዋናውን ባለታሪክ በዛብህን ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ያስተምረዋል። መጽሐፉ ማንበብ ከሚችለው ሕዝብ አልፎ የብዙኀን ሀብት የሆነው ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ የሰብለ ወንጌልንና የጉዱ ካሣን ነገር በጆሯቸው ሰምተው እንደ ጎረቤት ታሪክ ተነጋገሩበት። ትረካውም በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ተራኪው ካረፈ በኋላም ኖረ።

በባለሥልጣን ትእዛዝ ተዘግቶ በሕዝብ እጅ የዳነው ሥራ ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ግርማ በኢሉባቦር ተወልዶ በአዲስ አበባና በአሜሪካ የተማረ፣ «መነን»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ንና «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት የመራ ጋዜጠኛ ነበር። «ከአድማስ ባሻገር» በተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከታወቀ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ከፍተኛ ኃላፊነት ደርሷል። በ1974 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት በኤርትራ «የቀይ ኮከብ ዘመቻ» የተባለውን ሲያካሂድ አቶ በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ዘመተ። በዚያ ያየውን መሠረት አድርጎ የጻፈው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የመንግሥት በነበረው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ።

የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ለዘመቻው ድል የሚሆን ወሬ እንዲያዘጋጅ ተልኮ ይሄዳል፤ ፊያሜታ ከተባለች የአስመራ ልጅ ጋር በፍቅር ይወድቃል፤ በመጨረሻም ከዘመቻው የተረፈው ሐዘንና ጥያቄ ይሆናል። አርእስቱ ከጣልያንኛ ተወስዶ በአስመራ የሚነገር ቃል ሲሆን፣ «አበቃ፣ አከተመ» የሚል ስሜት አለው። ድል ተብሎ የሚነገረውን ነገር እንዳከተመለት ነገር አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ በመንግሥት አሳታሚ ታትሞ በአደባባይ ሲሸጥ ባለሥልጣናቱ ዝም ብለው አላዩትም። መጽሐፉ ከየሱቁ ተለቅሞ እንዳይሸጥ ተከለከለ። አቶ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለደብረ ወርቅ ጸሐፊ እንግዳ አይሆንበትም ነበር። ከመለቀሙ በፊት የተሸጡት ጥቂት ቅጆች ከዋጋቸው እጅግ በላቀ ገንዘብ በድብቅ ይሸጡ ጀመር። አንዱ ለአንዱ ለአንድ ሌሊት ያውሰዋል፤ ተበዳሪው ሌሊቱን አንብቦ ሲነጋ ይመልሳል። ፎቶ ኮፒ ለማድረግ የቻለ ገጹን አባዛ፤ ያልቻለም በእጁ ገለበጠ። መጽሐፉን ይዞ መገኘት አደጋ ስለነበረው በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ለብሶ ይዞር ነበር። አስተባባሪም ሆነ ማኅበር አልነበረም፤ «ለዐሥር ሰው አስተላልፉ» የሚል ጥሪ የጻፈ ሰውም አልነበረም። ሆኖም ሥራው በተግባር እንደዚያው ሆነ። እያንዳንዱ አንባቢ ለሚያምነው ሰው አሳለፈ፤ የሚያምነውን ሰው ለመምረጥ ግን ከአሜሪካው ደብዳቤ ጸሐፊ ይልቅ እጅግ መጠንቀቅ ነበረበት።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ «ኦሮማይ» እንደገና በግልጽ ታትሞ በየመጻሕፍት መደብሩ ተሸጠ። አዲስ አንባቢ የተቀበለው ግን እንደ ተረሳ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ስሙን ሲሰማው እንደ ኖረ መጽሐፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ። የተከለከለው ድርሰት ከከለከሉት ሰዎች ሥልጣን የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው የሚያገኘው ትምህርት አለ። በአሜሪካ ተመልካቾቹ የታገሉት ገና ያልተሠራ ነገር እንዲሠራ ነው፤ ያለ ድርጅቱ ገንዘብና ያለ ተዋንያኑ አንድ ክፍል እንኳ ሊገኝ ስለማይችል ውሳኔ ሰጪውን መለመንና ማስገደድ ነበረባቸው። በኢትዮጵያ አንባቢዎቹ የታገሉት የተሠራው እንዳይጠፋ ነው፤ ለዚህም ወረቀት፣ ቀለምና ታማኝ ጓደኛ ይበቃ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስማቸው ታውቆ በየመጽሐፉ ተመዝግቧል። የኋለኞቹ ስማቸው እንዳይታወቅ ስለተጠነቀቁ ታሪክም ስማቸውን አላገኘውም። አንድ የሚያደርጋቸው ግን የወደዱት ሥራ የሌላ ሰው ንብረት ብቻ መሆኑን አለመቀበላቸው ነው።

እንዲሁም ለሁለቱም ወሰን ነበራቸው። 116,000 ደብዳቤ የፊልሙን በጀትና መልካም ሰዓት አላስከበረም። በኢትዮጵያ ደግሞ የሺህ አንባቢ ፍቅር መጽሐፉን ሲያድን ደራሲውን ሊያድን አልቻለም። «ኦሮማይ»ን ዛሬ የሚያነብ ሁሉ የሚያነበው ከበዓሉ ግርማ መጥፋት ጋር ነው፤ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ሲገኝ የጻፈው ሰው መቃብሩ አይታወቅም። ይህ ዕዳ በቅጅ ብዛት የሚከፈል አይደለም።

በመጨረሻም ሊታሰብ የሚገባው የማዕበለ አየሩ ሥራ ነው። መጽሐፍ አንድ ቅጅ ከተረፈ እንደገና ይታተማል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርሰት ግን ቴፑ ከተደመሰሰ ወይም ሌላ ዝግጅት ከተቀዳበት የሚመለስበት መንገድ የለም፤ በቃሉ የሚይዘው ተማሪም አያገኝም። የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ በየቤቱ ካሴት ላይ ያኖሩት አድማጮች ይህን አደራ ሳይጠየቁ ተወጥተዋል። ሆኖም ጥበቃው በጥቂት አፍቃሪዎች ልፋት ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ቤተ መዛግብት፣ ቤተ መጻሕፍትና የብዙኀን መገናኛ ድርጅቶች ያስተላለፉትን ሥራ ሁሉ፣ የወደዱትንም ያልወደዱትንም፣ መዝግቦ ማቆየት ግዴታቸው ነው፤ በአንድ ዘመን የተጠላ ሥራ በሌላው ዘመን የሚፈለግ መሆኑን የ«ኦሮማይ» ታሪክ በበቂ አስረድቷል። በደብረ ወርቅ ቅኔውን ሰምቶ በቃሉ የያዘ ተማሪ ለአስተማሪው ብቻ ውለታ አልዋለም፤ ገና ላልተወለደው ተማሪም አንድ ቃል አቆየለት።