ፀሐይ የማይችል ፈሳሽ

ከሰል በተዘጋ ቤት ሲያድር ሰው የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይኸው ጋዝ ብረት ላይም ጉድ ይሠራል። በ1891 እ.ኤ.አ. ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ የከበረው ባለፋብሪካ ሉድቪግ ሞንድ ከባልደረቦቹ ጋር ጋዙን በደቃቅ ብረት ላይ ቢያሳልፍ፣ ጋዙ ብረቱን ተሸክሞ ወጣ፤ ሲቀዘቅዝም ቢጫ ፈሳሽ ሆነ። አንዱን የብረት አተም አምስት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ከበውታል። በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ የብረት ውሕድ ማን አይቶ ያውቃል? በዚያው ዓመት ኬሚስቱ ማርሰላን በርተሎም ፓሪስ ላይ ለብቻው አግኝቶታል።

ፈሳሹ ግን ፀሐይ አይችልም። በታሸገ የብርጭቆ ቱቦ ብርሃን ላይ ሲውል ወርቅ የመሰለ ቅርፊት ይጥላል፤ ጋዝም ይታመቅበታል። የቅርፊቱን ማንነት ለማጥራት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ጄምስ ዴዋር (የቡናችንን ሙቀት የሚጠብቀው ፔርሙዝ መነሻው የእሱ ብልቃጥ ነው) እና የካምብሪጁ ሃምፍሪ ጆንስ ከ1905 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች ሁለት ብረትና ዘጠኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለው አሳዩ። ጆንስ ተራራ መውጣት ይወድ ነበር፤ በ1912፣ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከነሙሽራው አልፕስ ላይ ወድቆ ሞተ።

ጀርመኖች በ1920ዎቹ ፈሳሹን ሞታሊን በተባለ ቤንዚን ውስጥ ጨመሩት። ሞተሩ ማንኳኳቱን ተወ፤ ካንዴላው ግን ዝገት ለበሰ።

ወደዚህ የብረት ውሕድ ፎስፎረስ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1948 ኬሚስቶቹ ሬፔና ሽቨከንዲክ በካርቦን ሞኖክሳይድ ቦታ ፎስፎረስ ያለበት ትራይፌኒልፎስፊን (ባጭሩ ፎስፊን) የተተካባቸውን ውሕዶች አወጡ። ፎስፎረስ ለብረት የሚያካፍለው ጥንድ ኤሌክትሮን ስላለው፣ ክፍት ቦታ ካገኘ ይቀመጣል። ቦታውን ማስለቀቅ ነው ጭንቁ። በ1960ዎቹ ጀርመን ቩርትስቡርግ ላይ ኬሚስቱ ቮልፍጋንግ ሽትሮማየር ይህን ሥራ ለአልትራቫዮሌት መብራት ሰጠው። ብርሃኑ አንዱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያባርራል፤ ባለ አራት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ የቀረው ብረት አጠገቡ ያገኘውን ይይዛል። ፎስፊን ካለ ፎስፊኑን፣ ከሌለ የራሱን ወንድም፣ ያልተነካውን ባለ አምስቱን። የሞንድ ወርቃማ ቅርፊት እንዲህ ነበር የተፈጠረው፤ ብልሽት የተባለው ነገር ራሱ መሣሪያ ሆነ። ብርሃኑ ከቀጠለ ሁለተኛው ፎስፊንም ይገባል።

ያን ባለ አራት ብረት ኬሚስቶቹ ፖልያኮፍና ተርነር በ1970ዎቹ በረዶ በሆነ ጋዝ ውስጥ አስረው አዩት።

ዛሬም ወርቃማው ቅርፊት የሚሠራው ፈሳሹን ከአሴቲክ አሲድ (ከአቼቶው አሲድ) ጋር ቀላቅሎ መብራት በማብራት ነው። የሚወጣው ጋዝ ያው የከሰሉ ስለሆነ፣ ሥራው አየር በሚስብ መከለያ ውስጥ ይካሄዳል።