«ፍሬንች» የተባለው ፕሬስና የጠርዙ ታሪክ

መቼም የስም ነገር አስቸጋሪ ነው፡፡ አሜሪካኖቹ «ፍሬንች ፕሬስ» የሚሉትን ቡና ማፍያ እንግሊዞች «ካፌቲየር» ይሉታል፡፡ ለመሆኑ ዕቃው ፈረንሳዊ ነው? ጥያቄውን የምናነሳው ለወግ ያህል አይደለም፡፡ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የምትሆን ትንሽ ማፍያ ለቤቱ መግዛት ያሰበ ሰው፣ ሱቅ ገብቶ ምኗን አገላብጦ ማየት እንዳለበት ከታሪኳ በላይ የሚነግረው የለም ብለን ነው፡፡

አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ የተፈጨው ቡናና የፈላው ውሃ ብርጭቆው ውስጥ አራት ደቂቃ ያህል አብረው ይቆያሉ፤ ከዚያ በዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ማጥለያ ወደ ታች ሲገፋ አሰሩ ከሥር ታፍኖ ይቀራል፡፡ እኛ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጠን «ይስከን» ብለን የምንጠብቀውን፣ ፈረንጅ በእጁ ገፍቶ ያስቸኩለዋል ማለት ነው፡፡

አሁን ወደ ፓሪስ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1852 ማየርና ዴልፎርዥ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለዚህ ዓይነት ማፍያ ፓተንት አወጡ፡፡ በዘንጉ ጫፍ የተበሳሳ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው በሁለት የፍላኔል ጨርቆች መካከል ተይዟል፡፡ ስለዚህ ስሙ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፡፡ ችግሩ ጠርዙ ላይ ነበር፡፡ ማጥለያው ከዕቃው ግድግዳ ጋር በደንብ ካልገጠመ፣ የቡናው ደቃቅ መሃሉን ትቶ በጎንና በጎን ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፡፡

ለዚህ መላ የመጣው ከጣሊያን ነው፡፡ የሚላኖዎቹ አቲሊዮ ካሊማኒና ጁሊዮ ሞኔታ በ1929 ፓተንት አመለከቱ፤ የአሜሪካውን በ1931 አገኙ፡፡ ያመጡት አዲስ ነገር በማጥለያው ጠርዝ ዙሪያ የተጠመጠመ ሞላ ነው፡፡ ሞላው ግድግዳውን እየተጫነ ስለሚወርድ ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ማጥለያው እንዳያጋድልም ይረዳል፡፡ (ሞላ የሚለውን ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ መውሰዳችንን ልብ ይሏል፡፡) ስለዚህ ዛሬ የምናውቀው «ፈረንሳዊ» ማፍያ ዋናው ብልሃቱ ጣሊያናዊ ነው፡፡

የቀረው ታሪክ በአብዛኛው የገበያ ነው፡፡ በ1958 ፋሊዬሮ ቦንዳኒኒ የራሱን ዓይነት በፓተንት አስመዘገበና ፈረንሳይ ውስጥ፣ ክላርኔት በሚሠራ ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፡፡ «ሻምቦር» የተባለው እሱ ነው፡፡ የዴንማርኩ ቦደም በ1974 ካርስተን ዮርገንሰን የነደፈውን «ቢስትሮ» አወጣ፤ በ1991 ደግሞ ሻምቦርን ጠቅልሎ ገዛ፡፡ የቅርጹ ውበት ከዚህ ዘመን ነው፤ ብልሃቱ ግን ያው የ1929ኙ ሞላ ነው፡፡

እንግዲህ ትንሿን ስንመርጥ ይህ ለምን ይጠቅመናል? ክብ ነገር ባነሰ ቁጥር ጠርዙ ከመሃሉ አንጻር እየበዛ ይሄዳል፡፡ በትልቁ ማፍያ ብዙም የማያስቸግር ክፍተት በትንሿ ሲኒያችንን በአሰር ይሞላዋል፡፡ ስለዚህ የምርት ስሙን ከማንበባችን በፊት ክዳኑን አንስተን ማጥለያውን ብርጭቆው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ዝቅ ከፍ እናድርገው፡፡ ሞላው ዙሪያውን ሳይላላ መያዙን፣ ዘንጉ አለመወላገዱን፣ ማጥለያው ለእጥበት ተፈታትቶ መገጣጠሙን እንይ፡፡ ዋጋውን ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይቻላል፡፡

የመጠኑ አጠራርም ያሳስታል፡፡ ካርቶኑ ላይ «3 ካፕ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ 350 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዱ «ካፕ» 120 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው፡፡ በትልቅ ኩባያ ለሚጠጣ የአንድ ሰው ናት፤ በሲኒ ከሆነ ግን ሁለት ሰው በደንብ ታስተናግዳለች፡፡ እርጥቡ አሰር የሚያስቀረውንም ውሃ መቀነስ ነው፡፡ «እንግዳ ቢመጣስ» ብሎ የአንድ ሊትሩን መግዛት እኛ አንመክርም፤ ሩቡን ብቻ ሲሞሉት ቡናው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ማጥለያውም አሰሩን በወጉ አይጫነውም፡፡ ለእንግዳ ጀበና አለ፡፡

ብርጭቆውስ? ሙቀት የሚችለው ቦሮሲሊኬት የሚባለው ነው፤ ጀርመናዊው ኦቶ ሾት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ያበጀው፡፡ ቢሰበር ብርጭቆው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፡፡ ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ሁለት ግድግዳ ያለው የማይዝግ ብረት ይሻላል፡፡

ኮሌስትሮል አለብህ የተባለ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፡፡ ካፌስቶል የተባለው የቡና ቅባት ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል፤ የብረቱ ማጥለያ ያሳልፈዋል፣ የድሬስደኗ ሜሊታ ቤንትስ በ1908 ያስመዘገበችው የወረቀት ማጥለያ ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል፡፡ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

በመጨረሻም አወቃቀጡ፡፡ ለጀበና የሚሆነው የላመ ቡና፣ በተለይ ከሙቀጫ የወጣው፣ ደቃቁ ወንፊቱን ይደፍነዋል፡፡ ሻካራ ሆኖ ይፈጭ፤ ለ350 ሚሊ ሊትሯ 20 ግራም ያህል ይበቃል፡፡ ስንገፋ አልወርድ ካለ በጉልበት አንታገል፤ ትኩስ ውሃው ፊታችን ላይ ሊፈናጠር ይችላል፡፡ ዘንጉን ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ እንደገና ቀስ ብሎ መግፋት ነው፡፡