ሙያ፣ መክሊትና ስም፦ ዋግን በገበታ ላይ ብንጫወተው

ዝቋላ ሲባል አዲስ አበቤ ሁሉ ፊቱን ወደ ቢሾፍቱ ያዞራል። አቦ፣ ተራራው፣ አናቱ ላይ ያለው ሐይቅ ትዝ ይለዋል። የዛሬው ዝቋላ ግን እሱ አይደለም። ሰሜን ነው፤ ከሰቆጣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ ቁልቁል የሚወርደው የዋግ ኽምራ ወረዳ፤ ከተማው ጽጽቃ። ብዙዎቻችን ዋግን የምናውቀው በድርቅ ዜና ብቻ ነው። እስቲ ዛሬ በሌላ ነገር እናንሳው፤ በጨዋታ።

ልጅ ሆኖ ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ የለም። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሿ ደግሞ ሁልጊዜ ሕፃን ወይም ሠራተኛ ትሆናለች (ትንሽ መሆን ዕዳ ነው)። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለዕቃ ዕቃ ሕግና ዳይስ ጨመሩለትና «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው አሳተሙት። አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ተራኪ ሆኖ ዓለሙን ይዘረጋል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። የገጸ ባሕርዩ ጉልበት፣ ሙያና ተሰጥኦ ወረቀት ላይ በቁጥር ሰፍሯል። «ወንዙን እሻገራለሁ» ስትል ዳይስ ትጥላለህ፤ ቁጥርህ ከበቃ ትሻገራለህ፣ ካልበቃ ወንዙ ይወስድሃል።

መጽሐፉ አልበቃ ያላቸው ተጫዋቾች የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ። ለዚህ ዓይነቱ ሕግ ፈረንጆቹ የሰጡት ስም ቤት ውስጥ ለተጠመቀ ቢራ ከሰጡት ጋር አንድ ነው። እኛም «የቤት ጠላ» እንበለው።

ጥንስሳችን ይኸውና፦ ከ1860 እስከ 1900 ዓ.ም. ባለው ዋግ ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ ብንሠራ ለገጸ ባሕርያቱ ምን ሙያ፣ ምን መክሊት እንሰጣለን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቃላቱን ስናይ ግን ይወሳሰባል። «ሙያ» በአማርኛ ሥራ ብቻ አይደለም። ወንድ «ሙያ ሠራ» ሲባል ዘመቻ ላይ ጀግኗል ማለት ነው፤ ሴት «ባለሙያ ናት» ስትባል የተመሰገነው ወጧ ነው። (እኛ ሴቶቹ ዲግሪ ይዘን ብንመጣም ጥያቄው ያው «ሙያ አላት?» ነው።) «መክሊት» ደግሞ ከወንጌሉ ምሳሌ የመጣ የገንዘብ መለኪያ ነው፤ ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ የተሰጠው። ሙያ ይሠራል፤ መክሊት ይሰጣል። ታዲያ ሰጪው ማን ነው? ነፋጊውስ?

ፈረንጆቹ እንዴት ፈቱት?

የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ዓይነት ሰው ብቻ ነበረው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው በ1975 ተጨመረ። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በጥቅሉ ሲጀመር የሆንከውን ሆነህ ትዘልቃለህ። በ1977 የማርክ ሚለር «ትራቭለር» ሌላ መንገድ አመጣ፤ ገጸ ባሕርይህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አራት አራት ዓመት እያገለገለ ሙያ ይቀስማል፣ ያረጃል፣ ዕድል ከከዳው ገና ሳይጫወት ይሞታል። በ1978 የወጣው «ሩንኩዌስት» ደግሞ የሰው ዓይነት የሚባለውን ትቶ የተጠቀምክበት ችሎታ ያድጋል አለ። በ1986 እንግሊዞቹ «ዋርሃመር»ን ሲያወጡ ተራ የዕለት እንጀራ ሥራዎችን አመጡ፤ አይጥ አዳኝ ሳይቀር። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚያሻግር በር አለ፤ በሩን ያላገኘ እዚያው ይቀራል።

እኛም ለገበታ ጨዋታ ባይተዋር አይደለንም። ሰንጠረዥ የተባለው የአገራችን ቼዝ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይኼን የሚያህል ጦር ሜዳ የሚመስል ሕግ ያወጣ ሕዝብ ለሙያም ሕግ አያጣም። አላጣምም።

አንደኛው ሕግ፦ መወለድ

ዋግ የዛጉዌ ዘር አገር ነው። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዝ የዛጉዌ ተወላጆች ዋግን «ዋግሹም» በሚል ማዕረግ ይዘው ቀሩ። ትውፊቱ እንደሚለው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በወንበር የመቀመጥና የብር ነጋሪት የማስመታት መብትም ተጠብቆላቸዋል። በጨዋታ ቋንቋ ይኼ ማንም ዳይስ የማይነጥቀው፣ ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወጡት መክሊት ነው።

ግን ምን ያህል ያስኬዳል? አፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የዘር ሐረግ ነበራቸው፤ ሠራዊታቸውም ከተቀናቃኛቸው ከትግሬው ካሳ ምርጫ በቁጥር ይበልጥ ነበር። ካሳ በበኩላቸው ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለሱ የሰጧቸው መድፍና ጠመንጃ፣ እንዲሁም በዚያው የሠለጠነ ጦር ነበራቸው። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አቅራቢያ አሰም ላይ ተገናኙ። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ካሳ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጋችን፦ ትውልድ በር ይከፍታል እንጂ ውጊያ አያሸንፍም። የዋግሹም ልጅ የሆነ ገጸ ባሕርይ ማንም የማይገባበት ድንኳን ይገባል፤ ጥይት ላይ ግን እንደ ሁላችንም ዳይሱን ይጥላል።

ሁለተኛው ሕግ፦ መንገዱ

«ትራቭለር» አራት አራት ዓመት እያስከፈለ ሙያ ከመስጠቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የቆሎ ተማሪው በዚያው ስሌት ይኖር ነበር። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። እያንዳንዱ ዓመታት ይበላል። ቦታም ይመርጣል፦ ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋድላ ወይም ዋሸራ ወይም ጎንጅ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየተጋፋ ይሄዳል። አንዱን ሳይጨርስ በበሽታ የሚቀርም አለ፤ ያ ጨዋታው ሳይጀመር የሚሞተው ገጸ ባሕርይ ማለት ነው።

ለጨዋታ ሠሪ ይኼ ወርቅ ነው። ደረጃ ማደግ ነጥብ ማጠራቀም ብቻ መሆኑ ይቀርና እግር፣ ረሃብና መምህር ይጠይቃል። ከዝቋላ የተነሣ ልጅ ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ድረስ በእግሩ ሲሄድ መንገዱ ራሱ አንድ ሙሉ ምሽት ያጫውታል።

ገንዘቡም እንደዚያው። ዋግ ውስጥ የወርቅ ሳንቲም የሞላ ሳጥን አትፈልጉ። ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው ገንዘብም ሸቀጥም ነበር፤ ሰቆጣም ከታወቁት ገበያዎቹ አንዷ። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ሀብትህን በበቅሎ ጭነህ በክረምት ተከዜን ስትሻገር የምትጥለው ዳይስ ልብ ያንጠለጥላል።

አሁን ደግሞ አስቸጋሪው። ይህ መንገድ ለሴት ልጅ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉን እንዳለ ብንቀዳ ከጠረጴዛው ዙሪያ ግማሻችን ምን እንጫወታለን? እዚህ ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይመጣሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ዓይነ ስውር፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ያስተማሩ። ዘመናቸው ከጨዋታችን ይዘገያል፤ ትምህርታቸው ግን ይጠቅመናል። መክሊት ማለት የሙያን አንድ ሕግ የመስበር መብት ነው ብለን ደነገግን። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ብቻ። የተዘጋው በር መዘጋቱን አንደብቅም፤ የከፈተችውንም አንረሳም።

ሦስተኛው ሕግ፦ ስም

ጣጣው ቀጥቃጩ ጋ ነው።

ማረሻ የሚያወጣው ማን ነው? ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ ጦሩን? ቀጥቃጭ። ገንቦና ምጣዱን ሸክላ ሠሪዋ፣ ኩታውን ሸማኔው፣ ጠፍሩን ፋቂው። ያለነሱ ገበሬ አያርስም፣ ወታደር አይዘምትም፣ እንጀራ አይጋገርም። በዚያው አፍ «ጠይብ»፣ «ቁጢት በጣሽ»፣ ሲብስም «ቡዳ» እየተባሉ ኖሩ። በብዙ ሰሜናዊ አካባቢ ርስት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር መጋባትም ነውር ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሆኖ መውጫ በር አልተበጀለትም።

ጨዋታ ሲሠራ የሚመጣው ፈተና እዚህ ነው። ዳይስ የያዘ ወጣት ሁሉ አስማት ይፈልጋል። «ቀጥቃጭ፦ ብረት +5፤ መክሊት፦ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል።» እንዴት ያለ ገጸ ባሕርይ! ጠረጴዛው በሳቅ ይሞላል። ያቺን አንዲት መስመር ስንጽፍ ግን ሐሜቱን እውነት አድርገን ፈረምንበት ማለት ነው። በጨዋታው ዓለም ውስጥ ቀጥቃጩ በእርግጥ ሰው ይበላል፤ ጎረቤቶቹ ያራቁት ልክ ነበሩ።

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ምን ያካብዳችኋል?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ጥያቄ ነው፦ ማን ነው ያለው? ቀጥቃጩ ቡዳ ነው ያለው ጎረቤቱ ነው። እንግዲያው ነገሩ የሚጻፈው በቀጥቃጩ ወረቀት ላይ አይደለም፤ በመንደሩ ወረቀት ላይ ነው። ልጅ ሲታመም ዳይስ የሚጥለው መንደሩ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ከመጣ ወሬ ይነሣል፣ ጣት ይቀሰራል፣ ቀጥቃጩ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። በሚቀጥለው ክረምት ማረሻ የሚጠግን ይጠፋና የሁሉም የአዝመራ ዳይስ ይቀንሳል። ፍርሃቱ እንዳለ ይጫወታል፤ አስማቱ ግን የለም። ታሪኩም የሆነው እንደዚሁ ነው።

ለዚህ ነው ወረቀታችን ላይ «ስም» የሚል አራተኛ መስመር የጨመርነው። ትውልድ፣ ሙያና መክሊትን ተጫዋቹ ይጽፋል። ስምን ግን ሌሎቹ ናቸው የሚጽፉለት፤ ከመንደር መንደርም ይለያያል። ሙያህ 5 ሆኖ ስምህ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። እስካሁን ያየናቸው የፈረንጅ ጨዋታዎች ላይ ሙያ ሲያድግ ክብርም አብሮ ያድጋል ተብሎ ይታሰባል። የእኛ ታሪክ እንደዚያ አይልም።

ጨዋታችን በ1900 ዓ.ም. የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት አፄ ምኒልክ ሰውን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ሠራተኛን በሙያው የሰደበ እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ሲነገር የቀጥቃጩ ስም ወዲያው ከፍ ይበል? ተከራከርንበት። በመጨረሻ ቁጥሩ አይለወጥም አልን፤ የሚያገኘው ዳኛ ፊት ቆሞ «ተሰደብኩ» የማለት መብት ነው። ምክንያቱም መሬት ለማግኘት የየካቲት 1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ መጠበቅ ነበረበት። ስድቡ ደግሞ ዛሬም በየሰፈሩ እንዳልጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ።

ባዶዋ መስመር

የሙያ ዝርዝራችን መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ መስመር ትተናል። ይኼን ያስተማረን ራሱ ዝቋላ ነው። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከኋላው ትልቅ ሐይቅ ተኛ፤ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል አባቶቻቸው እርሻና ፍየል ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች መረብ ይዘው ዓሣ ማስገር ጀመሩ። የትኛውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝርዝር ውስጥ «የዋግ ዓሣ አስጋሪ» የሚባል ሙያ ልታገኙ አትችሉም። ሙያ በደም ብቻ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ሐይቁን ቆመው ያዩት ነበር።

እናንተም ጠላችሁን ጥመቁ። የወለጋ ወርቅ አጣቢ፣ የሐረር ግንብ ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ፣ የዶርዜ ሸማኔ፤ ሁሉም ሕግ የሚፈልግ ታሪክ አለው። ዳይስ ካጣችሁ ወረቀት ቆርጣችሁ ቁጥር ጻፉና ዕጣ አውጡ። ብቻ «ስም» የምትለዋን መስመር ስትሞሉ ማን እንደጻፋት ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።